የካምፐር ኤሲ ነፋሱ ሲደክም

ወንድሜ፣ የተጎታች ካምፐርህ (በመኪና የሚጎተተው ቤትህ) የጣሪያ ኤሲ በደንብ ያቀዘቅዛል፣ መኝታው ጋ ሲደርስ ግን ነፋሱ የለም ብለሃል። ፊልተሩንም አጥበሃል። አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ጋዝ ለማስሞላት ገንዘብ አታውጣ። ችግሩ አየሩ የሚሄድበት መንገድ ላይ ነው።

መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ከብሬከሩ አጥፋ። ጓንት አድርግ፣ ቆርቆሮው ይቆርጣል። ከውስጥ በኩል ያለውን ክዳን ስትፈታ፣ ሞቃቱ አየር የሚገባበትንና ቀዝቃዛው የሚወጣበትን ክፍል የሚለይ ግድግዳ ታያለህ። አብዛኛውን ጊዜ ጉዱ ያለው እዚህ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በጥድፊያ ስለሚታሸግ ክፍተት ይተዋል። ቀዝቃዛው አየር ወደ መኝታው የሚወስደው ቱቦ ውስጥ ሳይገባ ተመልሶ ወደ ኤሲው ይሳባል። ክፍተቱን ሁሉ በአሉሚኒየም ቴፕ ድፈነው። ጨርቅ መሰሉ ግራጫ ቴፕ ውሎ አድሮ ይላቀቃል፣ በሱ አትድከም። ቱቦው የሚጀምርበትን ጠርዝም በእጅህ ዳስሰው። ቱቦው ከመጨረሻው የአየር መውጫ አልፎ የሚቀጥል ከሆነ ጫፉን ዝጋው።

ነፋሱ ጥሩ ጀምሮ ቆይቶ የሚደክም ከሆነ ግን ኤሲው ውስጡ በረዶ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ማቀዝቀዣውን አጥፍተህ፣ በረዶው እስኪቀልጥ ማራገቢያውን ብቻ በከፍተኛው አስኪደው።

በመጨረሻ በቴርሞሜትር ለካ። በሚገባውና በሚወጣው አየር መካከል ከ16 እስከ 22 ዲግሪ ፋራናይት ልዩነት ካለ ማሽኑ ጤነኛ ነው።