መጀመሪያ የሌለው ዓለም ምክንያት አያሻውምን?

ጥያቄ፦ ከወንድሜ ጋር ለረጅም ጊዜ የምንከራከርበት ጉዳይ አለ። እኔ፣ ያለ ነገር ሁሉ ምክንያት ስላለው አጽናፈ ዓለሙም የግድ የመጀመሪያ ምክንያት ሊኖረው ይገባል እላለሁ፤ ለማስረጃም ዓለሙ በቢግ ባንግ፣ ማለትም እጅግ ከጋለና ከታመቀ ሁኔታ በመስፋት፣ መጀመሩን እጠቅሳለሁ። እሱ ግን «ያንን ምክንያትስ ማን አስገኘው? ዓለሙ ከጥንትም የነበረ ነው ካልን ጥያቄው ራሱ ይቀራል» ይለኛል። ከሁለታችን ትክክል የሆነው ማን ነው?

መልስ፦ ጉዳዩ አንድ ጥያቄ ይመስላል እንጂ በውስጡ ሁለት ጥያቄዎች ተቆላልፈዋል። አንደኛው ዓለሙ በጊዜ መጀመሪያ አለው ወይ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ዓለሙ ለመኖሩ ከራሱ ውጭ የሆነ ምክንያት ያሻዋል ወይ የሚል ነው። እርስዎ «መጀመሪያ ስላለው ምክንያት አለው» ሲሉ፣ ወንድምዎ ደግሞ «መጀመሪያ ከሌለው ምክንያት አያሻውም» ሲል፣ ሁለታችሁም የአንደኛውን መልስ የሁለተኛው መልስ አድርጋችሁ ወስዳችኋል። ክርክራችሁ መቋጫ ያጣው በዚህ ይመስለኛል።

ከጣሪያ ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለ መብራት ያስቡ። መብራቱን የያዘው የታችኛው ቀለበት ነው፤ ያንን ቀለበት ከበላዩ ያለው ይይዘዋል፣ እሱንም ሌላው። እያንዳንዱ ቀለበት ከበታቹ ያለውን ሊሸከም የቻለው ራሱም ከላይ ስለተያዘ ብቻ ነው። አሁን ጣሪያውን በሐሳብዎ ያንሡና ሰንሰለቱን ወደ ላይ ማለቂያ በሌለው ርዝመት ይቀጥሉት። ቀለበት በቀለበት ላይ ስለተጨመረ ብቻ መብራቱ ሳይወድቅ የቀረበት ምክንያት ተገኘ ማለት ይቻላልን? የሚሸከም ኃይል የሚዋስ እንጂ ከራሱ ያለው አንድም ቀለበት ስለሌለ፣ የሰንሰለቱ ርዝመት የሚፈይደው ነገር የለም።

የትውልድ ሐረግ ግን ከዚህ ይለያል። አያት ከሞተ ከዓመታት በኋላ አባት ልጅ ሊወልድ ይችላል፤ ልጁ በሚወለድባት ቅጽበት አያቱ ደግፎ የያዘው ነገር የለም። የመካከለኛው ዘመን የካቶሊክ የሃይማኖት ሊቅ ቶማስ አኲናስ (እ.ኤ.አ. 1225–1274) እነዚህን ሁለት ዓይነት ሰንሰለቶች በጥንቃቄ የለያቸው ስለዚህ ነው። ዓለም መጀመሪያ እንዳላት በሃይማኖቱ ቢያምንም፣ ይህን በአመክንዮ ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም ይል ነበር፤ ስለ መጀመሪያው ምክንያት ያቀረበው መከራከሪያም ዛሬ፣ በዚህች ቅጽበት፣ ነገሮችን ደግፎ ስለያዛቸው እንጂ ከብዙ ዘመን በፊት ስለጀመራቸው አልነበረም። ከእሱ በፊት የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል እንቅስቃሴ መጀመሪያ የለውም እያለ የማይንቀሳቀስ አንቀሳቃሽ መኖሩን አስተምሯል። የሙስሊሙ ዓለም ፈላስፋ ኢብን ሲናም (980–1037) ዓለሙ በጊዜ መጀመሪያ የለውም፣ ሆኖም ለመኖሩ የግድ በሚኖር በሌላ ላይ ይደገፋል ብሏል። ለእነዚህ ሰዎች ዘላለማዊነትና ምክንያት አብረው የሚሄዱ ነገሮች ነበሩ።

የእስልምና ሊቁ አል ገዛሊ (1058–1111) ግን ዓለሙ መጀመሪያ አለው በማለት ኢብን ሲናን አጥብቆ ተቃውሟል። የአል ገዛሊን መንገድ የሚከተሉ ሰዎች ዛሬም የሚያቀርቡት መከራከሪያ፣ ከዛሬ በፊት ማለቂያ የሌላቸው ቀናት ማለፍ ከነበረባቸው ዛሬ ፈጽሞ ባልደረሰ ነበር የሚል ነው። ሲሰሙት ልብን የሚይዝ ነው፤ ግን ቆጠራው ከየትኛው ቀን ተጀመረ? ካለፉት ቀናት መካከል የፈለጉትን ቢመርጡ፣ ከእሱ እስከ ዛሬ ያለው ርቀት የሚቆጠርና የሚያልቅ ነው። መጀመሪያ በሌለው ዘመን ውስጥ «ማለቂያ በሌለው ርቀት ላይ ያለ ቀን» የሚባል የለም፤ ስለዚህም ከዚያ ተነሥቶ እዚህ መድረስ ያቃተው ጉዞ አይኖርም። መከራከሪያው ሊያፈርሰው የተነሣበትን ዘመን መነሻ ቀን ሳያስተውል ይሰጠዋል።

ወደ ቢግ ባንግ እንምጣ። ዦርዥ ለሜትር የተባለው ቤልጂጋዊ ቄስና የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1927 ዓለሙ እየሰፋ መሆኑን አስረዳ፤ በ1965 ይፋ የሆነው የሳይንቲስቶቹ የፔንዚያስና የዊልሰን ግኝት ደግሞ ከዚያ የጋለ ዘመን የቀረ ጨረር ሰማዩን ሁሉ እንደሞላው አሳየ። ከዚያ እጅግ ከጋለና ከታመቀ ሁኔታ እስከ ዛሬ ወደ 13.8 ቢሊዮን ዓመታት አልፈዋል። ይሁንና ከዚያ አልፈን ወደ ኋላ ስንሄድ የአንስታይን የስበት ሕግ ብቻውን አይበቃም። በ2003 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ቦርድ፣ ጉትና ቪለንኪን በአማካይ ሲሰፋ የኖረ ዓለም ወደ ኋላ ያለ ገደብ ሊዘረጋ እንደማይችል በሒሳብ አረጋግጠዋል፤ በገደቡ ላይ ምን እንዳለ ግን ስሌቱ አይናገርም። ለሜትር ራሱ፣ ቄስ ሆኖ ሳለ፣ ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖታዊ ጥያቄ ውጭ መሆኑን አጥብቆ ይናገር ነበር። እርስዎም ማስረጃዎን ከዚህ ባያመጡት እመርጣለሁ።

የወንድምዎ ጥያቄ የሚጠነክረው «ያለ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው» ስላሉት ነው። እንዲህ ካሉ የመጀመሪያው ምክንያትም ምክንያት ያሻዋል። አባባሉን «ላይኖር ይችል የነበረ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው» ብለው ቢያስተካክሉት ግን፣ የግድ የሚኖር ነገር ከአባባሉ ውጭ ስለሚሆን፣ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። ያን ጊዜ ወንድምዎ፣ እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ረስል በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ከካቶሊኩ ቄስና ፈላስፋ ከኮፕልስተን ጋር ሲከራከር ያነሣውን ሊያነሣ ይችላል፤ እያንዳንዱ ሰው እናት አለው፣ የሰው ዘር በጠቅላላው ግን እናት የለውም። ይህ ብርቱ ሐሳብ ስለሆነ በቸልታ አይለፉት። የክፍሎቹ ጠባይ ሁልጊዜ ወደ ጠቅላላው አይሻገርም፤ አንዳንዱ ግን ይሻገራል፤ እያንዳንዱ ሸክላ ቀይ ከሆነ ወለሉ ቀይ ነው። በሌላ መደገፍ ከየትኛው ወገን ነው? እኔ እንደ መብራቱ ሰንሰለት ይሻገራል ባይ ነኝ፤ ወንድምዎ አይሻገርም የሚል ከሆነ፣ ያ ሰንሰለት ያለ ጣሪያ እንዴት እንደሚንጠለጠል እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት።