ስቴቱ ሕግ ሲያወጣ የካውንቲውን ወጪ ማን ያሰላል?

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አናፖሊስ ያሉት የሜሪላንድ ስቴት ሕግ አውጪዎች አዲስ ሕግ ያወጡና ካውንቲያችን ደግሞ በጀት አጠረኝ ይላል፣ ከመጽደቁ በፊት ስንት እንደሚያስወጣ የሚያይ ሰው የለም እንዴ?

መልስ፦ አለ ወንድሜ፣ ጥያቄህም ተገቢ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ለሚቀርበው ቢል (ገና ያልጸደቀ የሕግ ረቂቅ) ሁሉ የምክር ቤቱ ባለሙያዎች ፊስካል ኖት የሚባል ጽሑፍ ያዘጋጃሉ፣ እዛ ውስጥ የስቴቱ ወጪ ለብቻው ይጻፍና ካውንቲና ከተሞች ላይ የሚመጣው ደግሞ "ሎካል ኢፌክት" (በአካባቢ አስተዳደር ላይ የሚያመጣው ለውጥ) በሚል ርዕስ ይቀመጣል። ቢሉ ካውንቲውን የሚያስገድድ ከሆነም ማንዴት (ግዴታ) እንዳለው በግልጽ ይጻፋል።

አሠራሩ ላይ ግን ችግር አለ። ሜሪላንድ 23 ካውንቲና ባልቲሞር ከተማ አላት፣ የምክር ቤቱ መደበኛ ጉባኤ ደግሞ በዓመት 90 ቀን ብቻ ስለሆነ ባለሙያው ሁሉንም ጠይቆ አይጨርስም፣ የተወሰኑትን ይጠይቅና የመለሱለትን ይጽፋል። እንበል ቢሉ ሠራተኛ አሠልጥኑ የሚል ቢሆን አንዱ ካውንቲ ባለኝ ሰው እሸፍነዋለሁ ይላል፣ ሌላው አዲስ ሰው መቅጠር አለብኝ ብሎ የደሞዙን፣ የኢንሹራንሱን፣ የኮምፒውተሩን ሁሉ ደምሮ ይልካል። ስለዚህ ቁጥር ጠፍቶ "ወጪ ሊጨምር ይችላል" ብቻ ተብሎ ታገኛለህ። ይሄ ዜሮ ማለት አይደለም! እኔ በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው፣ ቁጥር የሌለው ወጪ በቀላሉ ይታለፋል።

የቢሉን ቁጥር የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ብትፈልግ ኖቱን በነፃ ታገኘዋለህ፣ ሂሪንጉ (ምክር ቤቱ ስለ ቢሉ አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ) ሳያልፍ አንብበውና ለተወካይህ ጻፍለት።