«ፓቶሎጂ ሂጂ አሉኝ»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ፓቶሎጂ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለበዙ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

«አንገቴ ላይ ንፍፊት ወጣብኝ። ሐኪሙ ፓቶሎጂ ሂጂ ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። እኔ የማውቀው አስከሬን የሚመረመርበት መሆኑን ነው፤ ደነገጥኩ።» (አንዲት እናት፣ ከኮልፌ)

አይደንግጡ እናቴ። የአስከሬን ምርመራ የሙያው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ፖሊስ ከሚያዘው ምርመራ ጋር የምኒልክ ሆስፒታል ስም ለረጅም ዘመን ስለተያያዘ፣ ብዙ ሰው ሙያውን የሚያውቀው በዚያ በኩል ነው። የዚህ ሙያ ሐኪም (ፓቶሎጂስት) ግን አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው በሕይወት ካሉ ሰዎች የተወሰደ ናሙና ሲያይ ነው። «ይህ እብጠት ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው እሱ ነው።

ለእርስዎ የታዘዘው ኤፍ.ኤን.ኤ ይመስለኛል። ፓቶሎጂስቱ እብጠቱን ይዳስሳል። በቀጭን መርፌ ጥቂት ህዋስ ይወስድና ስላይድ በሚባል ቀጭን መስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። የሚወስደው ደቂቃዎች ነው። በአገራችን ከአንገት ንፍፊት የተለመዱ መነሻዎች አንዱ ቲቢ ነው፤ ቲቢ ደግሞ ይድናል። ናሙናው የቲቢን ተህዋስ ለሚለየው ለጂንኤክስፐርት ምርመራም ይላክ እንደሆነ ይጠይቁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመወጋትዎ በፊት ይናገሩ።

«ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል የሚባለው እውነት ነው?» (ከደብረ ብርሃን)

አይደለም። ይህ ወሬ ሰዎችን ከሕክምና እያስቀረ ስለሚጎዳ በጣም ያሳስበኛል። ሕመምተኛው ዘግይቶ ይመጣል፤ በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቷል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሲሞት ቤተሰብ ቢላውን ይከሳል። እርግጥ ነው፣ እንደ ወንድ የዘር ፍሬ ያሉ፣ ለጥንቃቄ ሲባል መርፌ እንዳይገባባቸው የሚደረጉ ጥቂት ቦታዎች አሉ። እነሱን ሐኪሞቹ ያውቋቸዋል። ናሙና ሳይታይ የካንሰር ሕክምና መጀመር ግን በጭፍን መሄድ ነው።

«የእናቴ የጡት እብጠት እዚሁ በቀዶ ሕክምና ሊወጣላት ነው። ናሙናውን ጎንደር ታደርሳለህ ተባልኩ። በሃይላንድ ውሃ ውስጥ አድርጌ ብወስደው ችግር አለው?» (ከሰቆጣ)

አለው ወንድሜ፤ በጣም። ሥጋው ከሰውነት ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ መበላሸት ይጀምራል። ውሃ አያቆመውም፤ የሚያቆመው ፎርማሊን የሚባለው ፈሳሽ ኬሚካል ነው። 10 በመቶ የሆነ፣ መጠኑም የናሙናውን 10 እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ይህን ከሆስፒታሉ ጠይቅ፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መዘጋጀቱንም አረጋግጥ።

ሃይላንዱንም ተወው። ትኩስ ሥጋ ልስልስ ስለሆነ በጠባቡ አፍ ይገባል። ፎርማሊን ውስጥ ሲያድር ግን ይደድራል፤ ሲጎትቱት ይቀደዳል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሰው ውሃ መስሎት ሊጠጣው መቻሉ ነው፤ ፎርማሊን መርዝ ነው። አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ዕቃ ፈልግ። የእናትህ ስም ዕቃው ላይ ይጻፍ፤ ክዳን ላይ ብቻ ከሆነ ሊቀያየር ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ አታስገባው። ለሁለት ከፍለህም ለሁለት ላብራቶሪ አትስጥ፤ ካንሰሩ ያለው በአንደኛው ቁራጭ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ወረቀቱን እንደ ናሙናው ተጠንቀቅለት። ጎንደር ያለው ፓቶሎጂስት እናትህን አላያትም፤ የሚያውቃት በዚያ ወረቀት ነው። ዕድሜዋ፣ የትኛው ጡት እንደሆነ፣ የወጣበት ቀንና ሰዓት፣ ቀዶ ሐኪሙ የጠረጠረው ነገር መጻፉን ሳታይ አትነሳ። መንገዱንም አታዘግየው። ካንሰር ሆኖ ከተገኘ፣ ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ዓይነት መሆኑን የሚያሳይ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ሊያስፈልጋት ይችላል። እንደ ታሞክሲፈን ያለ የሆርሞኑን ሥራ የሚገታ መድኃኒት ይጠቅማት እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ነው። ለዚህ ምርመራ የሚመከረው ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት እንዲቆይ ነው።

«ውጤት ለምን ይዘገያል?» (ከአዳማ)

ሥጋው በፎርማሊን መደደር፣ ውሃው መውጣት፣ ሰም ውስጥ መቀበር አለበት። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ውፍረት ይቆረጥና ቀለም ይነከራል። ጥርጣሬ ካለ ተጨማሪ ቀለም ይታዘዛል። ፓቶሎጂስቶቹም ጥቂት ናቸው። ቀጠሮው ካለፈ ግን ሄደው ይጠይቁ፤ አይፈሩ።

«ውጤቴ ሐኪሜ ሳይደውልልኝ ሞባይሌ ላይ መጣ። ከፓቶሎጂስቱ ጋር መነጋገር እችላለሁ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

አሜሪካ ውስጥ ከ2021 ወዲህ ውጤት ለታካሚው ሳይዘገይ እንዲደርስ ደንቡ ያስገድዳል። ስለዚህ ከሐኪምዎ ቀድመው ማየትዎ የተለመደ ነው። የፈረመው ፓቶሎጂስት ስም ሪፖርቱ ላይ አለ። በሐኪምዎ በኩል መጠየቅ ይቀላል፤ ወደ ላብራቶሪው መደወልም ይችላሉ። ሁለተኛ አስተያየት ከፈለጉ ስላይዶቹ ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዲላኩ ይጠይቁ። ሕጉ ለ10 ዓመት እንዲቀመጡ ያዛል።

ነፃ አስተርጓሚም ይጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል የማቅረብ ግዴታ አለበት። እባክዎ ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው የካንሰር ወሬ በልጅዎ አፍ አይስሙ፤ ለሁለታችሁም ከባድ ነው።

«አገር ቤት ፓቶሎጂስት የት ይገኛል?» (ብዙዎች)

አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ፣ ከዚያ ውጭ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳና መቐለ ያሉት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አሏቸው። የግል ላብራቶሪ ከመረጣችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውጤቱን የሚፈርመው ፓቶሎጂስት ነው ወይ? ስንት ቀን ይፈጃል? ስላይዱንና ብሎኩን ስንፈልግ ትሰጡናላችሁ ወይ?

ብሎክ የሚባለው ናሙናው የተቀበረበት ሰም ነው። ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ስትባሉ እሱንም፣ ስላይዱንም፣ የውጤቱን ወረቀትም ይዛችሁ ሂዱ። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት፤ ሰም ነውና ሙቀት ያበላሸዋል።