ባሕር የለንም ብላችሁ አትተዉት

ልጆቼ፣ ደሴ ላይ በውሃ ላቦራቶሪ ሙያ ነው ያረጀሁት። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የምትማሩ ልጆች «እኛ ባሕር የለን፣ የባሕር ባክቴሪያ ምን ያደርግልናል?» ስትሉኝ አዝናለሁ።

ፎስፌት፣ ማለትም ፎስፎረስ ከኦክስጅን ጋር የተጣመረበት ንጥረ ነገር፣ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገበሬው ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ሲገዛ አንዱ የሚፈልገው እሱን ነው። ያለ ፎስፎረስ ዲኤንኤ የለም፣ ለሕዋስ ጉልበት የሚሰጠው ኤቲፒም የለም። የባሕር ባክቴሪያም ያንኑ ትፈልጋለች። ግን በሰሜን አትላንቲክ ያለውን ሳርጋሶን በመሰለ ባሕር፣ ከላይኛው ውሃ አንድ ሊትር ብትቀዱ፣ ፎስፌቱ ብዙ ጊዜ የአንድ ሚሊግራም አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ በምን ትኖራለች? እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ብዙዎቹ የባሕር ባክቴሪያዎች ሁለት ሽፋን አላቸው። ፎስፌት የውጪውን በቀዳዳ ያልፋል። በሁለቱ መካከል ፒኤስቲኤስ የሚባል ፕሮቲን ይጠብቀዋል። ያገኘውን ጥብቅ አድርጎ ይይዝና በውስጠኛው ሽፋን ላይ ላለው አስገቢ ፕሮቲን ያስረክባል። አስገቢው የሚሠራው በኤቲፒ ጉልበት ነው። እጥረቱ ሲጠና ብዙዎቹ ፎስፋቴዝ የተባሉ ኤንዛይሞችን ያመርታሉ፤ እነሱም ውሃው ውስጥ ካሉ ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ላይ ፎስፌቱን ቆርጠው ያወጣሉ። ፕሮክሎሮኮከስ የምትባለው ጥቃቅን የባሕር ባክቴሪያ ደግሞ ሽፋኗን በአብዛኛው የምትሠራው ፎስፎረስ በሌለው፣ ሰልፈር ባለው ቅባት ነው። ፍለጋውን ብቻ ሳይሆን ፍላጎቱን ራሱን ቀንሳዋለች። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

እናንተ ግን የጂን ስም ከመሸምደዳችሁ በፊት መለካት ልመዱ። ናሙናው ላይ አሲድ፣ አሞኒየም ሞሊብዴት፣ ትንሽ አንቲሞኒና አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ቫይታሚን ሲ፣ ሲጨመር ፎስፌት ካለ ሰማያዊ ይሆናል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተሙት መርፊና ራይሊ ናቸው። ራይሊ የባሕር ኬሚስት ነበር። የወንዛችንን ውሃ የምንለካው እንግዲህ ከባሕር ሰዎች በተማርነው ነው። የሳርጋሶው ፎስፌት ግን በዚህ ለመለካትም ያንሳል፤ መጀመሪያ ከማግኒዚየም ጋር እንዲዘቅጥ ተደርጎ ይጠራቀማል።

አብሽሩ፣ ከቦርከና ወንዝ ጀምሩ። የከተማው እጣቢ ስለሚገባበት ቀለሙ ቶሎ ይታያችኋል። ቀጥሎ ወደ ሐይቅ ውጡ፣ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ብርጭቆውን በልብስ ሳሙና እንዳታጥቡት፤ ሳሙናው ራሱ ፎስፌት ሊኖረው ይችላል። በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ዘፍዝፉት፣ በዲስቲልድ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ከናሙናው ጎን ደግሞ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ያለበትን ሁልጊዜ ለኩ። እሱም ሰማያዊ ካሳየ የዚያን ቀን ውጤት ደብተር ላይ አታስፍሩ፣ ዕቃውን እንደገና አጥባችሁ ጀምሩ።