ለመንገድም ለመምም፦ የፍሬን ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ዲስክ (ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ብረት) እና እሱን ጨብጦ ስለሚያቆመው የፍሬን ሸራ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። እንጀምር።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አልፎ አልፎ የውድድር መም ላይ እነዳለሁ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን ዲስክ ልግዛ?

መልስ፦ ለማማር ከሆነ ግዛ። ለመም ግን አልመክርህም፤ ግሎ ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ የሚጀምረው ከቀዳዳዎቹ ጠርዝ ነው። መስመር የተቀረጸበት ይሻላል፣ ሸራ ይበላል እንጂ። እኔ ግን ተራውን፣ መሀሉ ለአየር ክፍት የሆነውን እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፣ ሲያልቅ ትጥለዋለህ። የተረፈውን ብር ለሸራና ለፍሬን ዘይት አውለው።

ጥያቄ፦ የመም ሸራ ገጥሜ ሥራም ብሄድበትስ?

መልስ፦ ተው! የመም ሸራ ካልሞቀ በደንብ አይዝም። ጠዋት ከቤት እንደወጣህ ልጅ ድንገት መንገድ ቢገባብህስ? በዚያ ላይ ይጮኻል፣ ቸርኬህን ያጠቁራል፣ ዲስኩን ይፍቃል። ለመንገድ የተሠራው ሴራሚክ የሚባለው ሸራ ደግሞ ጸጥ ያለ ነው፤ መም ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። ሁለት ዓይነት ይዞ መም በምትገባበት ቀን ዋዜማ መቀየር ነው የሚያዋጣው።

ጥያቄ፦ አራተኛው ዙር ላይ ፔዳሉ ወለል ድረስ ገባብኝ። ሸራው ይሆን?

መልስ፦ ዘይት የሚያፈስበት ቦታ ከሌለ፣ ዘይቱ ፈልቶ ነው። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ እግርህ እሱን ነው የረገጠው። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ቢል ኖሮ ሸራውን እጠረጥር ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው 155 ብቻ ነው። እኔም በአሮጌ ዘይት ገብቼ አንድ ኩርባ ስቼ ሣር ላይ ወጥቻለሁ። ከዚያ ወዲህ መም ከመግባቴ በፊት አዲስ እሞላለሁ፣ አየሩንም አስወጣለሁ።

ጥያቄ፦ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። ዲስኩ ተጣሟል አሉኝ።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይጣመምም። ሸራው ዲስኩ ላይ ወጣ ገባ ሆኖ ተለጥፎበት ነው። ይህ እንዳይሆን፣ አዲስ ሸራ ስትገጥም ባዶ መንገድ ላይ ከ100 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ደጋግመህ ቀንስ፤ ሙሉ በሙሉ አትቁም። ከዚያ ፍሬን ሳትነካ እየነዳህ አቀዝቅዘው። ከመም ስትወጣም የጋለው ሸራ እንዳይለጠፍበት የእጅ ፍሬን አትሳብ።

ጥያቄ፦ ትልቅ ዲስክ ቶሎ ያቆመኛል?

መልስ፦ አንዴ ለመቆም ከሆነ አይ፤ እዚያ ወሳኙ ጎማው ነው። ትልቁ ዲስክ የሚጠቅመው ደጋግመህ ፍሬን ይዘህ ሲግል፣ ሃያኛው ጊዜ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ዲስክ መቼ ይጣላል?

መልስ፦ ዝቅተኛው ውፍረት ብዙውን ጊዜ ራሱ ዲስኩ ላይ ተጽፏል፤ ለካው። ስንጥቁ ጠርዝ ከደረሰ ግን መለኪያም አታውጣ፣ ጣለው።