ያለ ተራዋ የተሰማች ጭብጨባ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፦

አዲስ አበባ ውስጥ ቫዮሊን ስማር ቆይቼ ትምህርቴን ለመቀጠል ወደ ቪየና የመጣሁት በዚህ ዓመት ነው። ኦርኬስትራን የማውቀው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ስለነበረ፣ ባለፈው ወር በሙዚክፈራይን አዳራሽ የቤትሆቨን ሰባተኛ ሲምፎኒ እንደሚቀርብ ስሰማ የቁም ትኬት ገዝቼ ገባሁ። የኮንትራባሶቹ፣ የእነዚያ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ትልልቅ የክር መሣሪያዎች፣ ድምፅ ከእግሬ ሥር በወለሉ በኩል ሲነዝረኝ ለዓመታት ያጠናሁትን ገና ያን ዕለት የሰማሁት መሰለኝ፤ የመጀመሪያው ክፍል ሲያበቃም ሳላስበው አጨበጨብኩ። ከእኔ በቀር ያጨበጨበ አልነበረም። ከፊቴ የቆሙ አንድ አዛውንት ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁብኝ። ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ሁለተኛው ክፍል ሲቀርብ የምሰማው የገዛ ልቤን ምት ብቻ ነበር። የሙዚቃ ተማሪ ሆኜ በሲምፎኒ ክፍሎች መካከል እንደማይጨበጨብ ባለማወቄ ስላፈርኩ፣ ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ ወደ ኮንሰርት ሲጠሩኝ ሰበብ እየፈጠርኩ እቀራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

የቫዮሊን ተማሪ፣ ከቪየና

ውድ ጠያቂያችን፦

ደብዳቤዎን ሳነብ ያዘንኩት ሁለተኛው ክፍል ሳይሰሙት በማለፉ ነው። ይኸው ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበው እዚያው ቪየና፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 1813፣ ከናፖሊዮን ጦር ጋር በተደረገው የሃናው ውጊያ ለቆሰሉ ወታደሮች መርጃ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ሲሆን፣ ኦርኬስትራውን የመራውም የመስማት ችሎታው እጅግ ደክሞ የነበረው ቤትሆቨን ራሱ ነበር። ታዳሚው ያን ዕለት ሲምፎኒው እስኪያልቅ አልጠበቀም፤ ሁለተኛው ክፍል እንዲደገምለት ጠየቀ፣ ተደገመለትም። ሞዛርትም እ.ኤ.አ. በ1778 ከፓሪስ ለአባቱ ሲጽፍ፣ አዲሱ ሲምፎኒው ገና በመጀመሪያው ክፍል መካከል ሳለ እንደተጨበጨበለት በደስታ ይነግረዋል። በክፍሎች መካከል ዝም ማለት ደንብ ሆኖ የጸናው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። በእነዚያ ዘመናት ቢሆን ኖሮ እርስዎም ብቻዎን ባልቀሩ ነበር፤ አዛውንቱም ጥቂት ርኅራኄ ቢያሳዩ መልካም ነበር።

ደንቡን ግን እንዲያከብሩት እመክራለሁ፤ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያሻግረው ዝምታ በራሱ የሚደመጥ ነውና። በእኛም ማኅሌት ጽፋቱ፣ ማለትም ጭብጨባው፣ የሚገባበት የራሱ ተራ አለው። በመግቢያው ላይ የሚሰጠው ወረቀት የክፍሎቹን ብዛት ይነግርዎታል፤ ሰባተኛው አራት ክፍል አለው። ካልተማመኑ የኦርኬስትራው መሪ እጁን አውርዶ ወደ ታዳሚው እስኪዞር ይጠብቁ።

አሁን ዋናው ነገር ያመለጠዎትን ክፍል ተመልሰው መስማት ነው። ኖታውን አስቀድመው ያንብቡ። በትንፋሽ መሣሪያዎች አንድ ረጅም ኮርድ፣ ማለትም በአንድነት የሚሰሙ ድምፆች፣ ይከፈትና ከቫዮሊን የወፈረ ድምፅ ያላቸው ቪዮላ፣ ቼሎና ኮንትራባስ ያንን አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ ሁለት ረጅም የሆነ ምት በለሆሳስ ይጀምሩታል፤ ቫዮሊኖቹ ሁሉ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ምቱን ሁለተኛ ቫዮሊኖች ሲረከቡት ቪዮላና ቼሎ በጎኑ ሌላ የሚያሳዝን ዜማ ያነሣሉ፤ አንደኛ ቫዮሊኖች የሚገቡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ይህ እርስ በርሱ ይዋሃዳል፤ በአዳራሹ ግን ዜማው ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ሲሻገር በቀስቶቹ እንቅስቃሴ በዓይንዎ ያዩታል። ለቫዮሊን ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት ለማግኘት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ጓደኞችዎ ዳግመኛ ሲጠሩዎት አብረዋቸው ይሂዱ፤ የደረሰብዎትንም በመንገድ ላይ ያጫውቷቸው።