«አላመመኝም» ቢልም ይመርመር
ጥያቄ፦ ወንድሜ በጣም ረጅም ነው፣ ጣቶቹም ቀጫጭን ናቸው። ሐኪም «ማርፋን ሊሆን ይችላል፣ የልብ አልትራሳውንድ ተነሳ» አለው። እሱ ግን ምንም አላመመኝም እያለ ፋብሪካ ውስጥ ከባድ ዕቃ ይሸከማል። ልተወው? (እህቱ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትተዪው! ማርፋን ፋይብሪሊን የተባለውን ፕሮቲን የሚያበላሽ በዘር የሚመጣ ችግር ነው። ይህ ፕሮቲን ኤላስቲን ከተባለው የሚለጠጥ ፕሮቲን ጋር ሆኖ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ፣ አኦርታን፣ በየምቱ ተለጥጦ እንዲመለስ ያደርገዋል፤ ሲጓደል ግን ግድግዳው ይደክምና ቧንቧው ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ ብዙ ጊዜም እስኪቀደድ ድረስ ምንም ሳያም። ውጤቱ እስኪታወቅ ሸክሙን ያቁም። ድንገት ኃይለኛ የደረት ወይም የጀርባ ሕመም ከያዘው ወዲያው ሆስፒታል ውሰጂው። አንቺም ተመርመሪ፤ አንዱ ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው።